ወደ አትላንቲክ በዲክሲስ በኩል

ረቡዕ ንጋት፣ አሰላ

ከአሰላ የወጣነው ሰማዩ ሳይቀላ ነው። የታኅሣሥ ብርድ ጆሮ ይነክሳል። የሹፌራችን የገመቹ ኮሮላ ሦስት ጊዜ አስሎ በአራተኛው ተነሳ። ጣሪያው ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ሰሌዳ በነጭ አቡጀዴ ተጠቅልሎ፣ ግራና ቀኝ በገመድ ተወጥሮ ታስሯል። የጉዟችን መጨረሻ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ለዛሬ ግን ከዲክሲስ አናልፍም።

አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ከመነሻው ልጀምር። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ መንግሥት አሰላ ሲመድበኝ ከብርድ ወደ ብርድ ተዛወርኩ። ከተማው ስሜን ትቶ «ቲቸር» ይለኛል። ጓደኛዬ ከድር ደግሞ ዲክሲስ ተወልዶ አሰላ የተማረ፣ አሁን ስታዲየሙ አካባቢ የሩጫ ጫማ የሚሸጥ ሰው ነው። የተዋወቅነው ጫማ ልገዛ ገብቼ በዋጋ ስንጨቃጨቅ ነው። ጫማው በወሩ አፉን ከፈተ፤ ጓደኝነቱ ግን እስከዛሬ አለ።

ካቻምና ኡስማን የሚባል ሴኔጋላዊ ሯጭ ከፍታ ፍለጋ መጥቶ አሰላ ከረመ። ከድር ጫማ ሸጠለት፣ ቤት ፈለገለት፣ በመጨረሻም ጭላሎ ተራራ ጫፍ ላይ አወጣው። ኡስማን ከላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና «አንተ በአገርህ እዚህ አወጣኸኝ፤ እኔ በአገሬ ውሃ ላይ አቆምሃለሁ» አለው። ቤተሰቦቹ ዳካር አጠገብ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሰርፊንግ ያስተምራሉ። ሰርፊንግ ማለት በአጭሩ፣ ባሕር ሲቆጣ ጤነኛ ሰው ከሚሸሽበት ቦታ ሄዶ በሰሌዳ ላይ መቆም ነው።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት እኔና ከድር ዳካር እንበራለን፤ ኡስማን ይቀበለናል፤ ከድር ማዕበል ላይ ይቆማል፤ እኔ ደረቁ ላይ ቆሜ እጽፋለሁ። በዚያ ወቅት እዚያ ፀሐይ አይጠፋም አሉ። ኡስማን በድምፅ መልእክት «የፀሐይ ቅባት እንዳትረሱ» ስላለን አሰላ መድኃኒት ቤት ገብተን ጠየቅን። ባለ መድኃኒት ቤቷ «እዚህ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ወንበር ይዞ ነው የሚወጣላት፤ ማን ይከላከላታል?» ብላ ሳቀችብን።

ዋና የተማርነው አዳማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ባለ ገንዳ ነው። ከድር ቶሎ ገባው። እኔ ዛሬም የገንዳውን ጠርዝ ካልያዝኩ ልቤ አይረጋም። ሚዛን መጠበቁን ደግሞ አሰላ ዳር ባለ የስንዴ ገለባ ክምር ላይ ተለማመድን፤ ሰሌዳውን ከላይ አድርገን ቁልቁል መንሸራተት ነው። የገለባው ባለቤት መጀመሪያ ሊያባርረን መጣ፤ ቆይቶ እሱም ሞከረ። ሰሌዳውን የሠራልን አናጢ በሕይወቱ ባሕር ያላየ ሰው ነው። ከስልክ ላይ ቪዲዮ አሳየነው፤ ከስስ ጣውላ፣ መሐሉን ባዶ አድርጎ ሠራና ሰማያዊ ቀባው። ቀለሙ እንዳይጫር ብለን በነጭ አቡጀዴ ጠቀለልነው።

የቀረን አንድ ነገር ነው፤ እሱም ከሁሉ ይከብዳል። የከድር እናት ዱዓ።

የከድር ታላቅ ወንድም ጀማል ከብዙ ዓመት በፊት «ለዘር ስንዴ አዳማ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ከቤት ወጣ። ሄዶ የተገኘው ጅቡቲ ዳርቻ ነው። ከዚያ አንዴ ደወለ። እናቱን «አዮ፣ አታስቢ፤ ልንገባ ነው» አላቸው። ጀልባው ውስጥ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጀልባውም ስለ እሱም የሰማ የለም። እናቱ «እርግጡን ሳላውቅ ልጄን አልቀብርም» ብለው ለቅሶ እንዳይደረግ፣ ሶላትም እንዳይሰገድበት ከለከሉ። ከድር ያኔ ትንሽ ተማሪ ነበር።

«እሱ ሳይነግራት ነው የሄደው» አለኝ ከድር፣ ዕቅዱን የጀመርን ሰሞን። «እኔ ሳልነግራት አልሄድም። እሺ ካላለች ይቀራል። ቲኬቱንም ብቻህን ትሄድበታለህ።»

«እኔ ብቻዬን ሄጄ ምን ላደርግ ነው? ገንዳ ዳር ልቆም?»

«እንግዲህ ጸልይ።»

በዚህ አገር ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለእናቱ በራሱ አፍ አያቀርብም። ሰው ይልካል። የተላክነው ሁለት ነን፤ የእናቱ ወንድም ሐጂ ቃሲምና እኔ። ሐጂ ቃሲም ስለሚከበሩ፣ እኔ ደግሞ እንግዳ ስለሆንኩ። እንግዳ ፊት ቁርጥ ያለ እምቢታ አይነገርም የሚል ስሌት አለው ከድር። ነጋዴ ነው።

ጎንዴ ላይ ዳቦ ልንገዛ ስንቆም ዳቦ ሻጯ ጣሪያውን አይታ «በር ነው? ቤት ልትሠሩ ነው?» አለች። ኢተያ ላይ አንድ ጋሪ ነጂ አልጋ ነው ብሎ ለሹፌራችን ለገመቹ «ሙሽራ አለ ማለት ነው» አለው። ገመቹ ሲስቅ መሪውን ይለቃል፤ ስለዚህ በመንገዱ ሙሉ እንዳናስቀው ተስማማን።

ረቡዕ ማለዳ፣ ሁሩታ

ከኢተያ ወደ ሁሩታ ስንታጠፍ ፀሐይዋ ገና በስንዴው ጫፍ ላይ ናት። ያልታጨደው ማሳ ቢጫ ነው፤ የታጨደው ላይ ላሞች ተሰማርተዋል። ኮምባይነሮች መንገድ ዳር ተደርድረው ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ሾፌሮቻቸው ብርድ ልብስ ለብሰው ጎማ ላይ ተቀምጠዋል።

ሐጂ ቃሲም ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው በራቸው ላይ ጠበቁን። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ቆመ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ያ የነገርኩዎት ሰሌዳ ነው፣ ሐጂ» አለ ከድር። «ስታየው ጨዋታ መሆኑ ይገባታል ብዬ ነው።»

«ውስጥ አይገባም?»

«አይገባም፣ ይረዝማል።»

ሐጂ በከዘራቸው ወደ ሻይ ቤቱ ጠቆሙ። «እንግዲያው ሻይ እንጠጣ» አሉ። ሻይ ቤት ገባን፤ ጠጣን። ከድር ሊነሳ ሲል ሐጂ አስተናጋጁን «ድገመን» አሉት። ሦስተኛውን ሊያዙ ሲሉ ከድር ሰዓቱን አየ።

«ሐጂ፣ ኮምባይነሩ ሳይደርስ ብንደርስ ይሻላል። ማሳ ከወረደች ቁጭ ብላ አታዋራንም።»

«ፀሐይ ትንሽ ብትሞቅ ምን ይላችኋል?»

«በርዶዎታል?»

«አልበረደኝም» አሉ ሐጂ። ሌላ ነገር የሚናገሩ መስለው ነበር። ነገር ግን ከዘራቸውን አንስተው ተከተሉን።

ረቡዕ ጠዋት፣ ዲክሲስ

መንገዱ እየወጣ ይሄዳል፤ ብርዱም አብሮ ይወጣል። እንዳይረሳኝ ብዬ የምለውን ነገር በልቤ አጠናለሁ። «እመቤቴ፣ ልጅዎ ወደ ትምህርት ነው የሚሄደው…» አይሆንም፣ ትምህርት አይደለም። «ለመዝናናት ነው…» ማን ነው በባሕር የሚዝናና?

የአዴ ሐዋ ግቢ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ የታጠረ ነው። አዴ ማለት በአርሲ አንቱ የሚባሉ እናት መጠሪያ ነው። ገመቹ መኪናዋን ከአጥሩ አጠገብ አቆመ። ሞተሩ ሲጠፋ ጸጥታው ወደቀብን። ከድር ፈርቷል፤ ስለፈራ ሰላምታውን እንኳ ከሩቅ አላሰማም። ሐጂ ራሳቸውን አቀርቅረዋል። እኔ ክራባት አስሬያለሁ፤ ለክብር ብዬ ነው። ሦስታችን ተከታትለን ገባን።

አዴ ሐዋ ወተት ይዘው ከበረቱ እየወጡ ነበር። አዩን። ከአጥሩ በላይ የሚታየውን የመኪናውን ጣሪያ፣ ነጩንም ጥቅል አዩ። የወተቱን ዕቃ ጠብታ ሳያፈሱ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ከዚያ ራሳቸውም ቁጭ አሉ፣ መሬት ላይ።

«አርጊተኒ?» አሉ። አገኛችሁት?

በአገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን ወንዶች ሰብሰብ ብለው፣ አንድ የተከበረ ሽማግሌ አስቀድመው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይገባሉ። ይኼን ደብረ ብርሃንም አሰላም የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ፣ ከድርም ያውቃል። ለመርዶ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሟልተን፣ በላዩ ላይ በነጭ የተጠቀለለ የሰው ቁመት ጨምረን ነው የሄድነው።

«አዮ!» ከድር ሮጦ ተንበረከከ። «ሰላም ነው፣ ምንም የለም። ስለ ጀማል አይደለም።»

እሳቸው ግን የሚያዩት ጣሪያውን ነው።

«ሐዋ፣ እንጨት ነው» አሉ ሐጂ። «ወላሂ፣ እንጨት ብቻ ነው።»

ከድር ወደ መኪናው ተመልሶ ገመዱን ለመፍታት ታገለ፤ ቋጠሮው እምቢ ሲለው ገመቹ በቢላ ቆረጠለት። አቡጀዴውን ገፈፈው። ሰማያዊ ሰሌዳ ወጣ። አፍንጫው ላይ አናጢው ከራሱ ጨምሮ ቢጫ ዓሣ ስሎበታል። አዴ ሐዋ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነስተው ልብሳቸውን አራገፉና የወተቱን ዕቃ አነሱ።

«ግቡ፤ ብርድ ነው» አሉ።

ሐጂ ከኋላ ቀርተው በጆሮዬ «መርዶ እንዳይመስላት የሚለው ሁሩታ ላይ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ የሞትን ስም ልጥራ ወይ ብዬ ዋጥኩት» አሉኝ። እኔም አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ ገባሁ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ዲክሲስ

ቂንጬና ወተት ቀረበልን። ማንም ስለ ሰሌዳው አላነሳም። እሳቸውም አልጠየቁም። ሐጂ ስለ ስንዴው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኮምባይነር ኪራይ አወሩ። ወሬያቸው ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩ። የተጠናው ንግግር ከአእምሮዬ ጠፍቶ ስለነበር ለአዴ ሐዋ እንዳለ ነገርኳቸው፤ ኡስማንን፣ ዳካርን፣ ሰሌዳውን።

አዴ ሐዋ አማርኛቸው ቀስ ያለ፣ ኦሮምኛ ኦሮምኛ የሚል ነው። «ሙስሊም አገር ነው?» አሉ።

«አብዛኛው ሙስሊም ነው።»

«በአየር ነው የሚሄደው? በጀልባ አይደለም?»

«በአውሮፕላን ነው። በሕጋዊ መንገድ፤ ፓስፖርት አለው።»

«አንተ መምህር ነህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ የጀማል ባሕርና ይኼ ባሕር አንድ ነው?»

«አይደለም፣ እናቴ። የጀማል ቀይ ባሕር ነው፣ እዚህ ቅርብ ያለው። ይኼኛው በአፍሪካ በሌላው ጫፍ ነው፤ በጣም ሩቅ።»

«ግን ይገናኛሉ?»

ከድር አየኝ። ጥያቄውን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማነሳው እኔ ነኝ፤ ካርታውን ሰቅዬ «የዓለም ውሃ ሁሉ አንድ ነው» እላለሁ፤ እነሱም ይጽፋሉ። መልሱ እንዲህ ከባድ ሆኖ አያውቅም።

«ይገናኛሉ» አልኩ።

አዴ ሐዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። የኮምባይነሩ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማሳው ወጡ።

ከድርና እኔ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። «ቲቸር» አለኝ፣ «ትንሽ ብትዋሽ ምን ነበረበት?»

«ጀማልም ትንሽ ነው የዋሸው። ለእሳቸው ብሎ።»

ከድር ገለባ አንስቶ ሰባብሮ ጣለው። እኔም እውነት ተናግሬ እንደዚያ ቀን የከፋኝ የለም።

ስንዴው በጆንያ እየተሞላ ሳለ አዴ ሐዋ መጥተው ከአጠገባችን ቆሙ። ፊታቸው አቧራ ለብሷል። የተናገሩት ለልጃቸው ቢሆንም ዓይናቸው ማሳው ላይ ነው።

«ጠዋት ጠዋት በሩን ማን እንደሚከፍት ታውቃለህ?»

«አንቺ ነሻ።»

«ሠራተኛ እያለች እኔ ነኝ የምከፍተው። ሰው ልጁን ይጠብቃል። እኔ ልጄን መጠበቅ ከተውኩ ቆየሁ፤ የምጠብቀው መርዶውን ነው። ዛሬ የመጣ መስሎኝ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ተመስገን አልኩ።» ከነጠላቸው ላይ ገለባ አራገፉ። «ልጁ ሞተ ሲባል ተመስገን የምትል እናት አይተህ ታውቃለህ?»

ከድር አለቀሰ። እሳቸው አላለቀሱም።

«አንተን ሂድም አትሂድም አላልኩም» አሉ። «ውሃ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። አይቼው አላውቅም። ነገ ውሃ ወዳለበት ውሰዱኝ።»

ሐሙስ፣ ላንጋኖ

አዴ ሐዋ ከፊት ተቀመጡ። ከአሰላ ሆስፒታል ወዲያ አልፈው አያውቁም። ሐጂ፣ ከድርና እኔ ከኋላ ተጣበቅን። ሰሌዳው ዛሬ ያለ አቡጀዴ ነው፤ አቡጀዴውን አዴ ሐዋ አጣጥፈው ወስደውታል። አሰላን አልፈን በኦጎልቾ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ገባ። መጀመሪያ ጋቢ፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከዚያ የእኔ ክራባት ወለቀ።

«ክራባቱን ለምንድነው ያሰርከው?» አለኝ ገመቹ።

«ለአክብሮት።»

«ትናንት ለማስደንገጥ ነበር እኮ የጠቀመህ።» አዴ ሐዋ ፈገግ አሉ። ከትናንት ጀምሮ ያየሁት የመጀመሪያው ፈገግታ ነው።

ባቱ ላይ ምሳ ዓሣ ነው፤ ከሐይቁ ወጥቶ ወዲያው የተጠበሰ። ትሪው ሲቀርብ አዴ ሐዋ አዩትና ፊታቸውን አዞሩ። ሐጂ ምንም ሳይሉ ለሁላችንም እንቁላል አዘዙ። ለምን እንደሆነ የገባኝ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው፤ ጀማልን የወሰደው ውሃ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ዓሣ ሳይ እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ላንጋኖ ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። ስንደርስ ነፋስ የለም፤ ሐይቁ ዝም ብሏል። ከድር ልብሱን አውልቆ ሊገባ ሲል እናቱ እጃቸውን አነሱ።

«ይኼ የተኛ ውሃ ነው። እዚያ የምትሄድበት ተኝቶ ነው የሚጠብቅህ?»

«አይደለም፣ አዮ።»

«እንግዲያው እስኪነሳ እንጠብቅ።»

ሐይቁ ዳር የሚነግድ ሰው «ከሰዓት በኋላ ነፋስ አይቀርም» ስላለን ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሐጂ ሰገዱ፣ አዴ ሐዋም ሰገዱ። ገመቹ አንቀላፋ። እኔ ለኡስማን የሐይቁን ፎቶ ላክሁለት፤ «ይኼ ገንዳ ነው ወይስ ሾርባ?» ብሎ መለሰ።

ነፋሱ መጣ። መጀመሪያ ቅጠሉን፣ ከዚያ ውሃውን ነካ። ቀስ በቀስ ማዕበሉ ወገብ ድረስ ከፍ አለ። ኡስማን ቢያየው ይስቃል፤ ለዲክሲስ ሰው ግን ይበቃል። ከድር ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ ገባ። በሆዱ ተኝቶ በእጁ ቀዘፈ፤ ራቀ። አንድ ማዕበል ከኋላው ሲመጣ ተነሳ። ቆመ። በእውነት ቆመ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ልክ በገለባው ላይ እንዳደረገው፣ ወደ እኛ መጣ።

ወዲያው ሰሌዳው ገለበጠው። የሚቀጥለው ማዕበል በላዩ አለፈበት። ሰሌዳው ብቻውን እየተንሳፈፈ መጣ፤ ሰማያዊውም ቢጫ ዓሣውም ታየ፤ ከድር ግን አልታየም።

እኔ ጮኼ መሆን አለበት። መሮጤን አላስታውስም፤ ውሃ ውስጥ ራሴን ያገኘሁት እስከ ጉልበቴ ነው። እዚያ ስደርስ አዴ ሐዋ ከፊቴ ነበሩ። ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ወገባቸው ድረስ ገብተው፣ ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተዋል። አልጮሁም፤ የውሃውን ፊት ብቻ ያያሉ።

ከድር ከአጠገባቸው ወጣ። ውሃ ተፋ፣ ሳለ፣ ፀጉሩን ከዓይኑ ላይ ጠረገ። «አዮ፣ ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?» አለ።

እናቱ ራሱን ያዙት። ጆሮውን፣ ጉንጩን፣ ትከሻውን ነካኩ። ማዕበሉ እየመጣ ይገፋቸዋል፤ እሳቸው አይነቃነቁም።

«ወጣህ» አሉ።

«ወጣሁ።»

ተያይዘው ወደ ደረቁ መጡ። ሐጂ የሚለበስ ጋቢ ይዘው ቆመዋል። አዴ ሐዋ ጋቢውን ለልጃቸው አልብሰው እርጥብ እንደሆኑ ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ቃሲም፣ እንዲህ ነው ለካ። የሚወጣ ወዲያው ነው የሚወጣው።»

አዴ ሐዋ እጅጌያቸውን ጨመቁ።

«ነገ ጁምዓ ነው። ማታ ቤቴ አድርሱኝና ሂዱ። ማለዳ ሦስታችሁ ኑ፤ እንደ ወጉ ንገሩኝ። ለጀማል ይሰገድበት።»

በመልሱ መንገድ አሰላ ላይ ስንደርስ ብርዱ እንደገና ገባብን፤ ልብሳችንን በተራ ለበስን። ክራባቴን ኪሴ ውስጥ አስገባሁት።

ዓርብ፣ ዲክሲስ

ሁሩታ፣ ሐጂ ቤት አድረን በማለዳ ተነሳን። ሻይ አልጠጣንም። ገመቹ በመንገዱ ሙሉ ሬዲዮ አልከፈተም።

በሩ ተከፍቶ ነበር። አዴ ሐዋ ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ሦስታችን ድምፅ ሳናሰማ ገባን፤ ዛሬ ማወቅ ያለብንን እያወቅን። ሐጂ ከዘራቸውን አስደግፈው ቀረብ አሉና «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ከዚያ በኦሮምኛ ጀማል መሞቱን በቀስታ ነገሯቸው፤ ለማያውቅ ሰው እንደሚነገር፣ ትናንት እንደደረሰ ነገር።

አዴ ሐዋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያላለቀሱትን አለቀሱ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ መጡ፤ ሴቶቹ ከበቧቸው፣ ወንዶቹ ድንኳን ተከሉ። ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ ውስጥ ሬሳው በሌለበት የሚሰገደው ሶላት ተሰገደ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ድንኳኑ ሥር ቀርቼ ከማላውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥኩ። አንዱ «የሟች ምን ነህ?» አሉኝ። «የወንድሙ ጓደኛ ነኝ» አልኳቸው። «እግዜር ያጽናህ» አሉኝ። እኔም ያጽናኝ ብዬ ተቀበልኩ። ጀማልን አይቼው አላውቅም፤ ለእሱ ያለቀስኩትን ያህል ለብዙ ዘመዴ አላለቀስኩም።

ልመለስ ስነሳ አዴ ሐዋ ከሴቶቹ መሐል ተነስተው እስከ መኪናው ሸኙኝ። ከድር የለቅሶውን ሦስት ቀን እዚያው ይቆያል፤ እሱም አብሯቸው መጣ። አጣጥፈው ያስቀመጡትን አቡጀዴ በእጁ አስያዙት።

«ይኼን እንጨትህን ጠቅልልበት» አሉት። «እዚህ መንደር ግን ተጠቅልሎ አይግባብኝ።»

«እሺ፣ አዮ።»

እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉለት። ረጅም ነበር፤ ከኦሮምኛው የገባኝ መንገድ፣ ሰላምና መመለስ የሚሉት ብቻ ናቸው። ሲጨርሱ እጃቸውን አላነሱም።

«ባሕሩ ዳር ስትደርስ፣ ልገባ ነው ብለህ አትደውልልኝ» አሉት። «ስትወጣ ደውልልኝ።»